ከገበያው በታች የነበሩት ሦስት ቤቶች

ባለፈው መስከረም ለዘመድ ተዝካር ደባርቅ ሄጄ ነበር። ከገበያው ወደ ታች ስወርድ የቤት መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች አገኘሁ። ላዩን ቀይ አፈር አልፈው ጥቁሩና የሚያጣብቀው ጭቃ ላይ ደርሰዋል። ሌሊቱን ዘንቦበት ስለነበር ሽታው ከጉድጓዱ እየወጣ ሜዳውን ሞልቶታል። አንድ እርምጃ መሄድ አቃተኝ።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ቀና ብሎ፣ "እናቴ፣ የሚፈልጉት ሰው አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩት።

እውነቴን ነው። እዚያ ቦታ ላይ የነበሩት ሦስት ቤቶች ዛሬ ምልክታቸው እንኳ አይታይም። እኔ ግን የእናቴን ዘር ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ከቤታችን በር ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ።

ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር። በቀበሌያችን ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው እንዳይኖር ትእዛዝ ወረደና የእህል መጋዘኑ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ተከፈተ። የሚያስተምሩት መምህር ካሳሁን ነበሩ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበር መዝገቡን እንድይዝ ለእኔ ሰጡኝ። ለመጣ ሰው ራይት፣ ለቀረ ሰው ኤክስ አደርጋለሁ። ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ስሙ ለቀበሌው ይተላለፋል፤ ቀበሌው ደግሞ ስኳርና ሳሙና ይከለክለዋል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። መዝገቡን በደረቴ ታቅፌ ስሄድ ትልልቅ ሰዎች መንገድ ይለቁልኛል፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ከተመዘገቡት ሁሉ አንዲት ሴት ብቻ ጣቢያው አይመጡም ነበር። መምህር ካሳሁን ለብቻዬ ጠርተው፣ "ሸክላ ሠሪዋን አንቺ ቤታቸው እየሄድሽ አስተምሪ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል" አሉኝ። አመንኳቸው። አንድ ወንበር ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው በመጥፋቱ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ እማማ ትርንጎ ይባላሉ። ከገበያው በታች ካሉት ሦስት ቤቶች በመካከለኛው ይኖራሉ፤ በአንደኛው ልጃቸው ደረሰ ከሚስቱ ጋር፣ በሌላው ደግሞ የደረሰ አማቶች። ደረሰ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል። ሰፈሩ እነሱን የሚጠራበት ስም ነበረው፤ እዚህ አልደግመውም። እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት። እኛ ልጆች በዚያ በኩል ስናልፍ የያዝነውን ዳቦ በልብሳችን እንሸፍን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይ፣ "ዓይናቸውን አትዩ፣ ይበሏችኋል" ትለናለች። መብላት ሲባል በጥርስ ይመስለኝ ነበርና የእማማ ትርንጎን አፍ እያየሁ አልፋለሁ። የፊት ጥርሳቸው የለም። ይህ ትንሽ ያጽናናኝ ነበር።

እማማ ትርንጎን ላስተምር መታዘዜን ለእናቴ ስነግራት ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። አነሳችውና፣ "መቼ መቼ ነው?" አለች።

"ማክሰኞና ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ እንኳ ይቅር። ሐሙስ አድርጊው።"

"መምህሩ ናቸው ያሉት። እንግዲህ እሷም ልትለምደው ነው።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "እሷ አይባልም። እርሳቸው በይ። ፊት ለፊትም እርስዎ ትያቸዋለሽ።"

ገረመኝ። በሰፈራችን ሸክላ ሠሪን እርስዎ የሚል ሰው አልነበረም። እትዬ ፀሐይ ከእማማ ትርንጎ በሠላሳ ዓመት ታንስ ነበር፤ ገንቦ ስትገዛ ግን፣ "አንቺ፣ ይኼ አያፈስም?" ነው የምትላቸው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ደብተርና እርሳስ ይዤላቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ የሸክላ አፈር በበሬ ቆዳ ላይ ተከምሯል፤ አጠገቡ ሊደርቁ የተደረደሩ ድስቶች። እማማ ትርንጎ ክንዳቸው ድረስ ጭቃ ሆነው ተቀምጠዋል። ደብተሩን ልሰጣቸው እጄን ስዘረጋ አልተቀበሉኝም።

"እዚያ ድንጋይ ላይ አኑሪልኝ ልጄ። አንቺ ፈቀቅ በይ፣ እኔ አነሳዋለሁ።"

እንዳሉኝ አደረግሁ። እኔ እሳቸውን ስፈራ እሳቸውም እኔን የሚፈሩ መሰለኝ። እኛም እንበላቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሕጋቸው የእነሱ ወገን ያልሆነን ሰው እንዳይነኩ የሚከለክል መሆኑን ማን ነግሮኝ? እንዲህ በመካከላችን አንድ ድንጋይ አድርገን ትምህርት ጀመርን።

እርሳስ አልሆነላቸውም። ጣታቸው ወፍራም ስለነበር እርሳሱ ይሰበራል። ሦስተኛው ቀን ላይ እርሳሱን አስቀመጡና ከጭቃው ቆርሰው እንደ ገመድ አድቦለቦሉት። ያንን ድንጋዩ ላይ አጠማዘው "ሀ" ሠሩ። ቀጥለው "ሁ"። ከዚያ በኋላ ፊደሉን ሁሉ በጭቃ ነው የተማሩት። ከጣቢያው ተማሪዎች ሁሉ ቀድመው ጨረሱ። እኔ ፊደል ስጠራ እሳቸው ይሠራሉ፤ ስሳሳት ደግሞ ያርሙኛል።

ቅዳሜ ግን ጭቃ አይነኩም ነበር። ነጭ ለብሰው ይቀመጣሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። ጥቅምት አልቆ የሰሜን ተራራ ንፋስ ሲወርድ ደባርቅ ላይ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ምድጃቸው ውስጥ አመድ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም በጋቢያቸው ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። እንጨት ያጡ መሰለኝ። ቤት ሮጬ ሄድኩና በገል ፍም ይዤላቸው መጣሁ።

እማማ ትርንጎ ፍሙን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ውጭ አኑሪው ልጄ" አሉ። "ደግ ልጅ ነሽ። ግን ውጭ አኑሪው።"

ፍሙ ደጃፍ ላይ እየጠቆረ ሲጠፋ አየሁ። ቤት ተመልሼ ለእናቴ ነገርኳት። ራሷን አስራ ተኝታ ነበር፤ እናቴን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷን ያማታል፤ ገበያ እንኳ የሚሄድላት አባቴ ነው። ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "በሰንበት እሳት አይነኩም። ቀኑ ካልመሸ አያነዱም" አለችኝ።

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

ወደ ግድግዳው ዞረች።

ኅዳር ሲጋመስ እማማ ትርንጎ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። የጭቃውን "ትርንጎ" ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ፣ "የሰው ስም ልጥራልሽና አንቺ በእርሳስ ጻፊልኝ። እኔ እያየሁ እሠራዋለሁ" አሉኝ።

"እሺ።"

"አባቴን። አስረስ።"

ጻፍኩ።

"ወንድሜን። ፈረደ አስረስ። ነፍሱን ይማረው።"

ጻፍኩ።

"የወንድሜን ልጅ። የሻረግ ፈረደ።"

ግማሽ ላይ እጄ ቆመ። "እናቴም የሻረግ ፈረደ ነው የምትባለው" አልኳቸው። እንደዚህ ዓይነት አጋጣሚ መኖሩ አስቆኝ ነበር።

እማማ ትርንጎ አልሳቁም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "አውቃለሁ ልጄ" አሉ።

ያን ጊዜ ነው ዓይናቸውን ደፍሬ ያየሁት። ሰፊ፣ ጥግ ጥጉ ወደ ታች ያዘነበለ ዓይን ነው። በየቀኑ ሳየው የኖርኩት የእናቴ ዓይን ነበር።

እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። አባቴ ከመንገድ ሥራ ካምፕ ተመልሶ ቦት ጫማውን ያወልቃል። እናቴ ምስር ትለቅማለች። የጻፍኩትን ወረቀት ሰፌዱ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ገና ማንበብ አትችልም ነበርና አባቴ አነበበው።

"ንገሪያት የሻረግ" አላት። "አድጋለች።"

እናቴ ምስሩን መልቀም አላቆመችም። እያጎነበሰች፣ ለሰፌዱ የምትናገር ይመስል ነገረችኝ። ተወልዳ ያደገችው ከዳባት ወዲያ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቷ ፈረደ ቀጥቃጭ ነበር። አባቴ መንገድ ሊጠግን በዚያ ሲያልፍ ዶማ ሊያስጠግን ቤታቸው መጣ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም የማይሰበረውን ዶማ ሁሉ ሰብሮ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አብራው ጠፋች። ደባርቅ መጥታ ተጠመቀች። ለሰፈሩ፣ ዘመዶቼ ጃናሞራ ነበሩ፣ በወረርሽኝ አለቁ አለች። አባቷ ደግሞ፣ "እንግዲህ ከእኛ ጋር አትበላም፣ ከእኛ ጋር አትቀበርም" ብሎ ላከባት።

"እማማ ትርንጎ እዚህ ከመጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው?" አልኳት።

"አምስት ዓመት።"

"አምስት ዓመት ሙሉ አላናገርሻቸውም?"

"እንዴት አድርጌ?" አለች። "እኔ ባናግራቸው ሰፈሩ ያውቅብኛል። አንቺን እየጠቆሙ ዳቦ ይሸፍኑብሻል። እሳቸውም ቢሆኑ እኔን እንዴት ብለው ያናግሩኛል? ለእሳቸው እኮ የረከስኩ ነኝ።"

ከዚያ ሌላ አልጨመረችም። እኔ ግን ዳቦዬን ስሸፍን የኖርኩት ከራሴ ሰው መሆኑን እያሰብኩ እራቴን መብላት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ ሲገባ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ጸጉሯን ታጠበች፣ የክት ቀሚሷን ለበሰች፣ "ነይ፣ አብረን እንሄዳለን" አለችኝ። በዋናው መንገድ አልወሰደችኝም፤ በባሕር ዛፉ ውስጥ አዞረችኝ። እማማ ትርንጎ ደጃፍ ስንደርስ ከድንጋዩ ወዲህ ቆመች።

እማማ ትርንጎ ብዙ ጊዜ አዩዋት። "ደህና ነሽ የሻረግ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ነዎት አክስቴ?"

"እንዳየሽኝ ነኝ። አረጀሁ። ተቀመጪ።"

ሁለቱም ተቀመጡ፤ አንዷ ከድንጋዩ ወዲያ፣ አንዷ ከድንጋዩ ወዲህ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ አወሩ። እኔ ሰልችቶኝ ነበር። በመጨረሻ እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ "አባቴ ስሜን አንስቶ ያውቃል?" አለች።

"አንድ ቀን። ሊሞት ሰሞን ነው። ሲዘባርቅ ዋለና፣ 'የሻረግ ቆየች፣ ውጡና እዩዋት' አለኝ። ውኃ ልትቀጂ የወረድሽ መስሎት ነው።"

"ምን አሉት?"

"እየመጣች ነው አልኩት።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። እማማ ትርንጎ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ፣ "በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ" አሉ። "ልንሄድ ነው።"

"የት?"

"ኢየሩሳሌም።"

ኢየሩሳሌም እኔ የማውቃት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሰማይ ቤት፣ የሞቱ ደጋጎች የሚገቡባት። እማማ ትርንጎ ሊሞቱ መሆኑን የሚናገሩ መሰለኝ። እናቴም እንደዚያ ሳይመስላት አልቀረም፤ ፊቷ አመድ መሰለ። "በዚህ ጉልበትዎ?" ስትል ግን ግራ ገባኝ። ለመሞት ጉልበት ምን ያደርጋል?

"ደረሰ በቅሎ አለው" አሉ እማማ ትርንጎ። "በቆላው ነው። የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል።"

ተነሥተን ልንሄድ ስንል ጠሩን። እማማ ትርንጎ ድንጋዩን ዞረው መጡ። እያነከሱ መጥተው እናቴን አቀፏት። ቀጥለው እኔን። ጭቃቸው አንገቴ ላይ ቀዘቀዘኝ። ሲለቁን ወደ ደረሰ ሚስት ዞረው፣ "ልጄ፣ ውኃ ቅጂልኝ። ታጥቤ እስኪመሽ ውጭ እቆያለሁ" አሏት። ይህን ስሰማ ቅር አለኝ፤ ቆሻሻ ነን ማለታቸው ነው ብዬ። እናቴ መንገድ ላይ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "አልገባሽም" አለችኝ። "ለእኔ ብለው ነው በብርዱ ውጭ የሚያመሹት።" ትንሽ ቆይታም፣ "የሰማሽውን ለማንም እንዳትነግሪ" አለች።

ማክሰኞ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሦስቱም በሮች ከውጭ በልጥ ታስረዋል። የደረሰ ወናፍ የለም፣ በቅሎዋ የለችም። ያልተተኮሱ ድስቶች እንደተደረደሩ ቀርተዋል። ሰው ሲሞት እንዲህ አይደለም። ኢየሩሳሌም በእግር የሚኬድባት አገር መሆኗ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከአገር መኮብለል ምን እንደሚያስከትል ልጅም ያውቅ ነበር፤ ከአዲ አርቃይ በኩል የተያዙ ሰዎች እጃቸው ታስሮ በዋናው መንገድ ሲነዱ አይቻለሁ። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ኤክስ ካደረግሁ መምህር ካሳሁን ይጠይቁኛል። ሦስት ኤክስ ከሆነ ደግሞ ቀበሌው ሰው ይልካል። ማንንም አላማከርኩም። በእማማ ትርንጎ ስም አጠገብ ራይት አደረግሁ። ቅዳሜም ራይት። በሳምንቱ ማክሰኞም፣ ቅዳሜም። ባዶው ደጃፍ ላይ የትምህርቱን ሰዓት ያህል ተቀምጬ ነበር የምመለሰው።

መሄዳቸው የታወቀው አንዲት ሴት የተሰነጠቀ ድስት ልታስለውጥ ሄዳ በሮቹን ዝግ በማግኘቷ ነው። በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው ሊቀመንበር መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ አስነሣኝ። እናቴና አባቴ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ፀሐይ ከእናቴ አጠገብ።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼን ራይት የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ሴትዮዋ ነበረች?"

መምህር ካሳሁን ጫማቸውን ያያሉ።

"ለምን ጻፍሽ? ማን አዘዘሽ?"

"እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እናቴ ቆማለች። "እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ልጅቷ ምንም አታውቅም።"

አላዘዘችኝም። ራይት ማድረጌንም አታውቅም ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ከተቀመጠበት አትናገሪ በሚል ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሊቀመንበሩ፣ "አንቺ በሸክላ ሠሪዋ ምን አገባሽ?" አላት።

"አክስቴ ናቸው። የአባቴ የፈረደ አስረስ እህት ናቸው። እኔም ከቤተ እስራኤል ነው የተወለድኩት።"

ከዚያ እትዬ ፀሐይ ከወንበሩ ተነሥታ ሄዳ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። እናቴ እያየቻት እንደቆመች ቀረች።

እናቴ ዘጠኝ ቀን ቀበሌ ታሰረች። ስንቅ የሚያደርስላት አባቴ ነበር። የሠራው ወጥ ጨው ይበዛበታል፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልመለሰችውም። መዝገቡ ከእኔ ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ። ትምህርት ቤት አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ዴስክ ቀየረች። በመንገድ ሳልፍ ልጆች ዳቦአቸውን ሲሸፍኑ አየሁ። ፊቴን ሳልመልስ ማለፍ ያን ጊዜ ነው የተማርኩት።

እናቴ ስትፈታ ከስታ ነበር። ከእስር ቤቱ በገበያው መካከል አልፋ ነው ቤት የገባችው፤ በባሕር ዛፉ አልዞረችም።

የካቲት ላይ ከቆላ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ለአባቴ ወሬ ነገረው። ደረሰና ሚስቱ ከነአማቶቹ ጠረፉን ተሻግረዋል። አሮጊቷ ግን ሊሻገሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከበቅሎ ላይ ወርደው፣ "ትንሽ ልረፍ" እንዳሉ አልተነሡም። እዚያው ዛፍ ሥር ቀበሯቸው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ደጃፋችን ላይ ለቅሶ ተቀመጠች። ዕድሩ ድንኳን አላወጣም። አባቴ ከካምፑ ሸራ አምጥቶ በአራት እንጨት ወጠረ፣ አግዳሚዎቹንም ደረደረ። እናቴ በሙሉ ድምፅዋ፣ አክስቷን እየጠራች፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የመንደሯን ስም እየጠራች አለቀሰች። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፤ ደጃፋችን ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል። አግዳሚዎቹ እስከ ቀትር ባዶ ነበሩ። አባቴ ግን ሊያነሣቸው አልፈለገም።

ከቀትር በኋላ መምህር ካሳሁን መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምንም ሳይናገሩ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ከአባቴ ጋር የሚሠሩ ሁለት ሰዎች መጡ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እትዬ ፀሐይ ከቤቷ ወጣች። ደጇ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመች፤ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። መንገዱን ተሻግራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቴን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

"ብርቄ" አለችኝ በዝግታ። "ሟቿ ለአንቺ ምንሽ ናቸው?"

ስለ እማማ ትርንጎ "ናቸው" ስትል የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

"አያቴ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለበሰችው።